የፈሰሰ ቅልጥ ወለል ላይ ምን ያቆመዋል? ከአሉሚኒየም ቀላጭ እስከ ኒውክሌር ማብላያ

የሂርማታው ቀላጭ (ጅማ)
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጅማ ሂርማታ አካባቢ አሉሚኒየም እያቀለጥኩ ብረት ድስት፣ የወፍጮ ፑሊና ለቡና መፈልፈያ የሚሆን መለዋወጫ እሠራለሁ። በቅርቡ ጎረቤቴ ሱቅ ውስጥ ማቅለጫው ሥራ ላይ እያለ ተሰንጥቆ የያዘው ሁሉ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ተመስገን፣ የተጎዳ ሰው የለም። ነገር ግን ሲጸዳ ያየሁት ነገር አላስተኛኝም። አሉሚኒየሙ በሲሚንቶው በኩል ስስ ሆኖ በሩ ድረስ ሮጧል። ወፍራም የብረት ሳህን በተነጠፈበት በኩል ግን ጥቂት እንደሄደ ቆሟል፤ ጠርዙ አብጦ፣ ላዩ ተጨማድዶ ደርቋል። ወለሉ ተዳፋት የለውም። ልዩነቱ ከየት መጣ?

ሁለተኛ ጥያቄም አለኝ። የእህቴ ልጅ «የኒውክሌር ማብላያም ሲቀልጥ እንዲሁ ፈስሶ እንዲሁ ነው የሚቆመው» አለኝ። አገራችንም ልትገነባ ነው ሲባል ስለምሰማ፣ የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ኪቶ ፉርዲሳ (ጅማ)
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡02

ጋሼ፣ ዓይንዎ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው «ሲበርድ ይቆማል» ብሎ ያልፈዋል። መካከሉ ገና እንደ ልቡ እየፈሰሰ ሳለ የፊቱ ጠርዝ ይጠጥርና ለኋለኛው ግድብ ይሆንበታል። ስለዚህ ቅልጡ የት እንደሚደርስ የሚወስነው ጠርዙ ከሥሩ ያለውን ነገር ሲነካ በምን ፍጥነት እንደሚረጋ ነው።

ሁለት ነገሮች ሲነካኩ መገናኛቸው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የሁለቱ እኩሌታ አይሆንም። ሙቀትን በደንብ ወደሚያመላልሰው ወገን ያደላል። 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ አሉሚኒየም ደረቅ ኮንክሪት ሲነካ መገናኛው በመጀመሪያው ቅጽበት ወደ 630 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ንጹሕ አሉሚኒየም የሚረጋው በ660 ነውና ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ከሥር የሚፈጠረው ቅርፊት ስስ ይሆናል፣ ቅልጡም በላዩ ተንሸራትቶ ይሄዳል። ያው አሉሚኒየም ወፍራም ቀዝቃዛ ብረት ላይ ሲያርፍ ግን መገናኛው ወደ 390 ይወርዳል። እዚያ ቅርፊቱ ወዲያው ይወፍራል። ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ ያሰላሁት ሲረጋ የሚለቀቀውን ሙቀት ሳላስገባ ነው፤ አቧራና ዝገትም ይለውጧቸዋል። አቅጣጫው ግን ያዩትን ያብራራል።

አንድ ልጨምር። አንድ ኪሎ አሉሚኒየም ከ740 ወደ 660 ዲግሪ ሲወርድ የሚያጣው 90 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። 660 ላይ ከደረሰ በኋላ እስኪጠጥር ድረስ ግን ወደ 400 ኪሎ ጁል ማውጣት አለበት፤ ያ ሁሉ ሙቀት እስኪወጣ ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አይልም። ለመሆኑ የምን ቁርጥራጭ ነበር?

የሂርማታው ቀላጭ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20

አብዛኛው የመኪና ሞተር ፒስተንና ቴስታታ (የሞተር ክዳን)። ሽቦና መስኮት ብዙም አልነበረበትም።

ኪቶ ፉርዲሳ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡41

እንግዲያው በሩ ድረስ መሮጡ አያስገርምም። ፒስተንና ቴስታታ ሲሊከን ያለበት አሉሚኒየም ነው፤ 12 በመቶ አካባቢ ሲሊከን ያለው ድብልቅ እስከ 577 ዲግሪ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ሲሊከኑ ራሱም ሲረጋ ብዙ ሙቀት ስለሚለቅ ጉዞውን ያራዝመዋል። ቅርጽ የሚያወጡ ሰዎች የሚወዱት በዚሁ ጠባዩ ነው፤ ስስ ቦታ ሁሉ ይገባላቸዋል። ወለል ላይ ሲፈስ ግን ያው ጠባይ ጠላት ይሆናል። ሌላ ዓይነት ድብልቅ ከሆነ ደግሞ በአንድ ዲግሪ አይረጋም፤ በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ ግማሹ ጠጣር ግማሹ ፈሳሽ ሆኖ ይዘልግና፣ የጠጣሩ ድርሻ ግማሽ አካባቢ ሲደርስ መፍሰሱን ይተዋል።

ብየዳ ቤት (አጋሮ)
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

እኔ የምፈራው ሌላ ነው። «ውኃ ድፉበት!» የሚል ጎረቤት አልመጣም?

የሂርማታው ቀላጭ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡11

መጥቶ ነበር፤ ሙሉ ባልዲ ይዞ። ልጆቹ በር ላይ ያዙት።

ብየዳ ቤት
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡19

ልጆቹ ይባረኩ። አንድ ሊትር ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። በቅልጥ ሥር ከታፈነ የሚወጣበትን መንገድ ራሱ ያበጃል፤ ብረቱንም ፊትህ ላይ ይረጨዋል። እርጥብ ኮንክሪትም ያው ነው፤ ውስጡ ያለው ውኃ ሲፈላ ላዩ እየፈነዳ ይላጣል። በጅማ ክረምት ደረቅ የሚባል ወለል የት ይገኛል?

የፊዚክስ መምህርት (ጅማ)
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡30

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ። ለተማሪዎቼ ገንፎን ነው የምጠቅሰው። ላዩ ረግቶ የቀዘቀዘ ይመስላል፤ ጣትህን ወደ ውስጥ ስትሰድ ግን ይልጥሃል። የቀለጠ የማብላያ ነዳጅም ላዩ ቅርፊት ሲያበጅ ቅርፊቱ ሙቀቱን አፍኖ ይይዝለታል። ስለዚህ «ላዩ ጠጠረ» ማለት «ዳንን» ማለት አይደለም። ትክክል ነኝ?

ሙቀት ለኪ (አዲስ አበባ)
ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡10

መምህርት፣ ለቅርፊቱ ምሳሌሽ ልክ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ገንፎ ተትቶ ቢያድር ይበርዳል፤ የማብላያ ቅልጥ ግን ተትቶ ቢያድር አይበርድም። ሙቀቱን ራሱ ከውስጡ ያመነጫል። ከጎረቤት ሱቅ ከፈሰሰው አሉሚኒየም ጋር ያለው ልዩነት በሙሉ ከዚህ ይጀምራል።

ለጅማ ሰው በሚቀርብ ቁጥር ልናገር። 1,200 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ማብላያ በውስጡ ወደ 3,200 ሜጋ ዋት ሙቀት ያመነጫል። ሲጠፋ የአተም መሰንጠቁ ወዲያው ይቆማል፤ የተሰነጠቁት ቁርጥራጮች ግን ጨረር እየለቀቁ ሙቀት መስጠታቸውን ይቀጥላሉ። ያ ቅሪት ሙቀት መጀመሪያ ላይ ከሙሉ ኃይሉ ከ6 እስከ 7 በመቶ ነው፤ 200 ሜጋ ዋት ገደማ ማለት ነው። ከእናንተ ብዙም የማይርቀው ጊልጌል ጊቤ አንድ ተርባይኖቹን ሁሉ ቢያሽከረክር የሚያመነጨው 184 ሜጋ ዋት ነው። «ጠፋ» የተባለ ማብላያ ከዚያ የሚበልጥ ሙቀት ይዞ ይቀመጣል ማለት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ 50፣ ከአንድ ቀን በኋላ ወደ 15 ሜጋ ዋት ይወርዳል፤ ዜሮ ግን አይሆንም።

ውኃ ከተቋረጠ ነዳጁን የያዙት የዚርኮኒየም ቱቦዎች ይግላሉ። ከ1,200 ዲግሪ በላይ ከእንፋሎት ጋር በኃይል ይዋሐዳሉ፤ ይህም ተጨማሪ ሙቀትና ሃይድሮጅን ያወጣል። ብረቱ በ1,400 አካባቢ፣ ዚርኮኒየሙ በ1,855፣ የዩራኒየም ኦክሳይዱ በ2,850 ገደማ ይቀልጣል። ቀድሞ የቀለጠው ዚርኮኒየም ኦክሳይዱን ከመቅለጫው በታች ባለ ሙቀት ያሟሟዋል፤ ስለዚህ ድብልቁ ከሚጠበቀው ቀድሞ ይፈስሳል። ያ ድብልቅ ኮሪየም ይባላል።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ። የእህትዎ ልጅ «እንዲሁ ይፈሳል» ያለው እውነት ነው፤ ጠርዙ ይረጋል፣ ግድብ ይሠራል፣ ግፊት ሲበዛ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ አዲስ ምላስ ይወጣል። ኤርታሌ ላይ የሚፈሰው ቅልጥ ዐለትም እንዲሁ ነው የሚሄደው። «እንዲሁ ይቆማል» ያለው ላይ ግን አልስማማም። የአሉሚኒየም ቅርፊት እየወፈረ ሄዶ ሁሉም ይጠጥራል። የኮሪየም ቅርፊት የሚወፍረው ከውስጥ የሚመጣው ሙቀትና ወደ ውጭ የሚወጣው እስኪመጣጠኑ ብቻ ነው። ኦክሳይዱ ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ ከአሉሚኒየም ከ70 እጥፍ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ቅልጡ ጥልቅ ሆኖ ከተጠራቀመ ቅርፊቱ በሴንቲ ሜትር የሚለካ ሆኖ ይቀራል፤ ከሥሩ ያለው እንደፈላ ነው። ጥልቀቱን በግማሽ ብትቀንሱት ግን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ማውጣት ያለባችሁ ሙቀትም በግማሽ ይቀንሳል። እኔ በዚህ ሙያ ከተማርኩት ሁሉ የምይዘው ይህንን ነው፦ ቅልጥ ሲሰፋ ይገራል፣ ሲቆለል ያምፃል።

አዌቱ ዳር (ጅማ)
ረቡዕ፣ ቀትር 6፡45

ማብራሪያው ያምራል። ነገር ግን ነገሩ እውን ሲሆን ምን እንደተደረገ እንይ። ቸርኖቤል ፈነዳ፣ ፉኩሺማ ፈነዳ። ሰፋ፣ ተቆለለ እያላችሁ ስትከራከሩ ሰው አገሩን ለቅቆ ወጣ። በ2018 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከሩሲያ ጋር የኒውክሌር ማመንጫ ለመገንባት የድርጊት መርሐ ግብር ሲፈረም ማን ስለ ወለሉ ጠየቀ?

ሙቀት ለኪ
ረቡዕ፣ ማታ 1፡20

አዌቱ ዳር፣ ቁጣህ ይገባኛል፤ አደጋዎቹን ግን በአንድ ከረጢት አትክተታቸው። አንተ ከጠራሃቸው ሁለቱ ሌላ የአሜሪካው ስሪ ማይል አይላንድም አለ። የቅልጡ ዕጣ በሦስቱም የተለያየ ነበር።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979 አሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ስሪ ማይል አይላንድ ላይ ነዳጁ የሚገኝበት የማብላያው እምብርት ግማሽ ያህል ቀለጠ። ወደ 20 ቶን የሚጠጋው ወርዶ በግፊት ጋኑ (እምብርቱን በያዘው ወፍራም የብረት ጋን) መቀመጫ ላይ ተኛ። የጋኑ ግድግዳ አንድ ቦታ ላይ 1,100 ዲግሪ ያህል እስኪደርስ ጋለ፤ ግን አልተበሳም። ጋኑ ውስጥ ውኃ ነበረ፤ በቅርፊቱና በብረቱ መካከል እየገባ አቀዘቀዘው። ከዚያ ቀን በፊት ማንም ሰው ጋኑ ይችላል ብሎ አይወራረድም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1986 ቸርኖቤል ላይ ጋን የሚባል ነገር አልነበረም። ቅልጡ አሸዋ፣ ኮንክሪትና ብረት እየበላ በእንፋሎት መውረጃ ቧንቧዎች ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ፈሰሰ። «የዝሆን እግር» የሚባለው ጥቁር ክምር ከዚያ አንዱ ነው። እዚያ ያዳነው ነገር ማንም ያላቀደው መቀላቀል ነው፤ አብዛኛው አካሉ ነዳጅ መሆኑ ቀርቶ የቀለጠ አሸዋና ኮንክሪት ስለሆነ ሙቀቱ ሳሳ፣ በየክፍሉ ተበታትኖም እንደ መስታወት ረጋ።

ፉኩሺማ እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 ነው። በሦስት ማብላያዎች ቅልጡ ጋኑን በስቶ ወደ ኮንክሪቱ ወረደ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2023 ላይ ሮቦት ወደ አንደኛው ማብላያ ሥር ገብቶ ያነሳውን ምስል ተመልከት፤ ጋኑን የተሸከመው ግድግዳ ውስጠኛ ክፍል ኮንክሪቱ ሙልጭ ብሎ ጠፍቶ የብረት ዘንጎቹ ብቻ ቆመዋል። ኮንክሪቱ ሙቀት ሲያገኘው ይበተናል፣ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ ጋዙም ቅልጡን ያተረማምሰዋል። በሦስቱ ውስጥ የቀረው ፍርስራሽ 880 ቶን ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ናሙና ሲወጣ ክብደቱ አንድ ግራም እንኳ አልሞላም።

የፈነዳውም አንድ ዓይነት አይደለም። ፉኩሺማ ላይ ሕንፃዎቹን ያፈረሰው ከዚርኮኒየሙ የወጣው ሃይድሮጅን ነው።

የሂርማታው ቀላጭ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡08

ለእኔ ቢጤ አስረዱኝ። አሁን የሚሠሩት ምን ያደርጋሉ? ከሥሩ ሳህን ያነጥፋሉ?

ሙቀት ለኪ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡00

ጋሼ፣ በአንድ መልኩ አዎ። የአውሮፓው ኢፒአር የሚባለው ማብላያ ሰፊ ወለል አለው፤ ፊንላንድ ኦልኪሉኦቶ ላይና ፈረንሳይ ፍላማንቪል ላይ ይሠራል። ቅልጡ ጋኑን ቢበሳ በቀጥታ ወደ ወለሉ አይለቀቅም። መጀመሪያ ከጋኑ ሥር ባለው ጉድጓድ ይጠራቀምና እንዲበላው ሆን ተብሎ የተቀመጠ ኮንክሪት ይበላል። ሁለት ጥቅም አለው፤ አንደኛ በየጊዜው የሚንጠባጠበው ሁሉ አንድ ላይ ይሰበሰባል፤ ሁለተኛ ድብልቁ በዝቅተኛ ሙቀትም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል።

ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል እርስዎን ደስ ያሰኝዎታል። የጉድጓዱ በር ከኮንክሪቱ ሥር የአሉሚኒየም ሳህን ነው። ኮንክሪቱ ተበልቶ ቅልጡ አሉሚኒየሙን ሲነካው በሩ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ የተጠራቀመው ሁሉ በኃይል ወጥቶ 170 ካሬ ሜትር በሆነ ክፍል ላይ ይዘረጋል። በአንድ ጊዜ መውጣቱ ዋናው ነገር ነው። ቀስ እያለ ቢንጠባጠብ የፊቱ ጠርዝ ይረጋና ከበሩ አፍ ላይ ይቆለል ነበር። ቅልጡ ሲዘረጋ ክፍሉ ደረቅ ነው፤ ምክንያቱን ከብየዳ ቤት ሰምታችኋል። ከተዘረጋ በኋላ ውኃው ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት ወርዶ ከወለሉ ሥር ባሉት የብረት ቦዮች ያልፋል፣ ከዚያም ላዩን ይሸፍነዋል።

ሩሲያዎች ሌላ መንገድ መረጡ። ከጋኑ ሥር ትልቅ ገንዳ ያኖራሉ፤ በውስጡ የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ጡቦች ይደረደራሉ። ጡቦቹ ቅልጡን ያቀጥኑታል፤ ኦክሳይዱንም ከቀለጠው ብረት ያቀሉታል፤ ብረቱ ወደ ታች ይሰምጥና ከላይ የሚፈሰው ውኃ የሚያገኘው ኦክሳይዱን ይሆናል፤ ሃይድሮጅን እንዳይወጣ ነው። በግብፅ ኤል ዳባ እየተገነቡ ያሉት አራቱ 1,200 ሜጋ ዋት ማብላያዎች ይህን ዓይነት ገንዳ ያላቸው ናቸው። አገራችን የተፈራረመችው ከዚያው ወገን ጋር ስለሆነ የሚመለከተን ይህኛው ሳይሆን አይቀርም። እኔ ብጠየቅ የሰፊውን ወለል አሳብ እመርጣለሁ፤ ገንዳው ግን ቦታ ይቆጥባል፣ ቅልጡም ረጅም መንገድ አይሄድም።

አዌቱ ዳር
ረቡዕ፣ ማታ 3፡37

ከእነዚህ ውስጥ በእውነተኛ አደጋ የተፈተነ አለ?

ሙቀት ለኪ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡52

የለም። አንዱም እውነተኛ ቅልጥ አልተቀበለም። የተፈተነው በክፍል በክፍል ነው። ጀርመን ካርልስሩሄ ውስጥ ተመራማሪዎች አሉሚኒየምና የብረት ኦክሳይድ ዱቄት አቀጣጥለው ቅልጡን በቦዮች ላይ አፍስሰዋል፤ ፈረንሳይ ካዳራሽ ውስጥ ደግሞ የዩራኒየም ኦክሳይድ ያለበትን ቅልጥ አፍስሰው ለክተዋል። ስለ መስፋቱ የምናውቀው ጠንካራ ነው። ውኃ ላይ ስለሚፈሰው ቅልጥ ያለን እውቀት ግን ከዚያ ይሳሳል፤ ደረቅ ወለል የሚመረጠው አንድም በዚህ ነው።

ስለ ፊርማው ላነሳኸው፦ ወለሉ የመጨረሻው በር ነው። ከእሱ በፊት መጠየቅ ያለበት «ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሠራተኛ ባይደርስ ስንት ሰዓት ውኃ ይደርሰዋል?» የሚለው ነው። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እዚህ አዲስ አበባም ተሰምቶናል። ቦታ ሲመረጥ ያ መረሳት የለበትም። የግል አስተያየቴ ነው፤ ማመንጫውን አልቃወምም። ወለሉን ሳያሳየኝ «አስተማማኝ ነው» የሚለኝን ሰው ግን አልሰማውም።

አዌቱ ዳር
ረቡዕ፣ ማታ 4፡01

በዚህ እንኳ ተስማምተናል። ቀሪውን ተቃውሞዬን ለራሴ ይዤዋለሁ።

አስተባባሪ
ረቡዕ፣ ማታ 4፡10

ስለ ፊርማው ሌላ ክር ክፈቱ። እዚህ ስለ ቅልጡ ብቻ።

የሂርማታው ቀላጭ
ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡25

እንግዲህ የእኔን ወለል ልጠይቅ። በማቅለጫው ዙሪያ ብረት ሳህን ላንጥፍ ወይስ አሸዋ ልሙላ?

ኪቶ ፉርዲሳ
ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡15

ሁለቱም ሥራቸው ይለያያል። ሳህን ጉዞውን ያሳጥራል፤ ወፍራም መሆን አለበት፤ ስስ ላሜራ ወዲያው ግሎ ይጣመማል፣ ከዚያም እንደ ኮንክሪቱ ያሳልፋል። አሸዋ ቅልጡን አያቀዘቅዝም፤ ዝቅ ካለ ቦታ ከተሞላ ግን ባለበት ይይዘዋል። ለእርስዎ ቤት ማቅለጫውን ጥልቀት በሌለው፣ ዙሪያው ከፍ ባለ ሰፊ የደረቅ አሸዋ መደብ ላይ ያስቀምጡት፤ የመደቡ ስፋት የማቅለጫው ይዘት በሙሉ ቢፈስ ስስ ሆኖ የሚቀመጥበት ይሁን። ከመደቡ እስከ በሩ ባለው ላይ ሳህን ያንጥፉ። የውኃ ቱቦ፣ የፍሳሽ ቦይ፣ እርጥብ ጆንያ በአካባቢው አይኑር። አሸዋውን በየጊዜው እሳት አጠገብ አድርቁት፤ የጅማ አየር ራሱ ያረጥበዋል።

ዝገት ያለበት ሳህን ደግሞ አይጠቀሙ። ዝገት የብረት ኦክሳይድ ነው፤ የጋለ አሉሚኒየም ኦክስጅኑን ሊነጥቀውና እጅግ ከፍተኛ ሙቀት ሊለቅ ይችላል። የባቡር ሐዲድ የሚበየደው፣ ሙቀት ለኪ የነገረን የካርልስሩሄ ሙከራም የሚሠራው በዚሁ ነው። በግራይንደር አጽድተው ያንጥፉ።

የፊዚክስ መምህርት
ሐሙስ፣ ማታ 1፡05

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ለተማሪዎቼ ማሳየት አማረኝ። አሉሚኒየም ክፍል ውስጥ አይሆንም። በሻማ ሰም ይታያል?

ሙቀት ለኪ
ሐሙስ፣ ማታ 1፡40

በደንብ ይታያል። ተመራማሪዎችም አንዳንዴ በዝቅተኛ ሙቀት በሚቀልጡ ነገሮች ነው የሚጀምሩት። የሰም መጠኑንና ሙቀቱን እኩል አድርጊና በመጀመሪያ አንዱን በወፍራም የብረት ሳህን፣ ሌላውን በጣውላ ላይ አፍስሺ፤ የተዘረጋበትን ስፋት በመስመር ወረቀት ይለኩ። ከዚያ ወለሉን አንድ ዓይነት አድርገሽ ፍጥነቱን ለውጪ፤ አንዱን ጭልፋ በአንድ ጊዜ፣ ሌላውን ጠብ ጠብ እያደረግሽ። ሁለተኛው ሲቆለል ያዩታል፤ የአሉሚኒየሙ በር ለምን በአንድ ጊዜ እንዲጠፋ እንደተደረገ ያን ጊዜ ጠይቂያቸው።

የፊዚክስ መምህርት
ሐሙስ፣ ማታ 1፡52

ሰኞ እንሞክረዋለን። ሰሙን በምድጃ ላይ በቀጥታ ላቅልጠው?

ሙቀት ለኪ
ሐሙስ፣ ማታ 1፡58

በፍጹም፤ ከልክ በላይ ከጋለ ይቀጣጠላል። ዕቃውን የፈላ ውኃ በያዘ ድስት ውስጥ አስቀምጠሽ አቅልጪው፤ ከመቶ ዲግሪ አያልፍም። ቢቀጣጠል እንኳ ውኃ እንዳትደፊበት፤ ክዳን ድፊበት።